ተፈጥሮን ወደ ቤት ማስገባት፤ ከውበት ባሻገር ለጤና

አዲስ ቤት የሚገባ ወይም የቆየ ቤቱን የሚያድስ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ሶፋው፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ጂፕሰሙና ስለ ግድግዳው ቀለም ነው። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ የሚያርፍበት ነገር ይታሰባል። ቤተሰቡ የሚተነፍሰው አየር፣ ልጆች የሚያጠኑበት ብርሃን፣ የታመመ ሰው ተኝቶ የሚያየው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከቁጥር አይገባም።

በከተማ የሚኖር ሰው የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው ከጣሪያ ሥር ነው። ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ታክሲ፣ ከዚያም ቤት። አቅመ ደካማ አረጋውያን፣ አራሶች፣ ሕፃናትና የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕሙማን ደግሞ ሙሉ ቀናቸውን በአንድ ክፍል ውስጥ ያሳልፋሉ። ለእነዚህ ሰዎች ክፍሉ ዓለማቸው ነው። ስለሆነም የቤት ውስጥ አሠራርና የዕቃ አመራረጥ ጉዳይ የጌጥ ብቻ ሳይሆን የጤናም ጉዳይ ነው።

በቅርብ ዓመታት ተፈጥሮን መነሻ ያደረገ የቤት ውስጥ ዲዛይን በዓለም ዙሪያ እየተለመደ መጥቷል። ሐሳቡ ሲጠቃለል የሰው ልጅ ለረጅም ዘመን የኖረው ከዛፍ፣ ከውሃ፣ ከፀሐይና ከእንስሳት ጋር በመሆኑ አእምሮውም አካሉም እነዚህን ይፈልጋል የሚል ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ዝንባሌ «ባዮፊሊያ» ብሎታል፤ ሕይወት ያለውን ነገር መውደድ እንደ ማለት ነው። ለመሆኑ ከዚህ ሐሳብ ውስጥ በጥናት የተደገፈው የትኛው ነው? የተጋነነውስ? በአቅማችን ቤታችን ውስጥ ልናደርገው የምንችለውስ ምንድን ነው? በዛሬው ዝግጅታችን እነዚህን እንመለከታለን።

በመስኮት የሚታይ ዛፍ

ዊልሰን መጽሐፉን ባሳተመበት በዚያው ዓመት ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት አወጣ። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕሙማንን መዛግብት መርምሮ ነበር። ሕሙማኑ በዕድሜ፣ በፆታና በመሳሰሉት እየተመሳሰሉ ጥንድ ጥንድ የተደረጉ ሲሆን፣ ከየጥንዱ አንዱ የተኛበት ክፍል መስኮት ዛፎችን ያሳያል፤ የሌላው መስኮት ደግሞ የሸክላ ጡብ ግንብ ብቻ።

ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። ዛፍ የሚያዩት ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በአማካይ ስምንት ቀን ገደማ ሲቆዩ፣ ግንብ የሚያዩት ወደ ዘጠኝ ቀን የተጠጋ ጊዜ ቆይተዋል። ዛፍ የሚያዩት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትም ያነሰ ነበር። ነርሶች ስለ እነርሱ የጻፏቸው አሉታዊ ማስታወሻዎችም ጥቂት ነበሩ።

ጥናቱ የጥቂት ሰዎች ጥናት በመሆኑ ብቻውን ሁሉን ነገር አይወስንም። ዛፍ ማየት መድኃኒት ይተካል ማለትም አይደለም። ይሁንና ከዚያ በኋላ በርካታ ሆስፒታሎች ሲሠሩ የሕሙማን ክፍል መስኮት ወደየት እንደሚዞር እንዲታሰብበት ምክንያት ሆኗል። ለእኛም የሚያስተላልፈው ትምህርት ቀላል ነው። ቤት ውስጥ የተኛ ሕመምተኛ ካለ አልጋው ከግድግዳ ጋር ተፋጦ ከሚውል፣ ሰማይ ወይም ዛፍ ወደሚታይበት አቅጣጫ ቢዞር ምንም ወጪ የለውም።

ለሕሙማን ተብሎ የተሠራ ጣሪያ

ይህ ሐሳብ በጥናት ከመፈተኑ በፊት በሥራ ላይ ያዋሉትም ነበሩ። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጻፈችው የነርሲንግ መጽሐፍ ለሕመምተኛ ከሁሉ አስቀድሞ ንጹሕ አየር፣ ቀጥሎም ብርሃን እንደሚያስፈልገው አበክራ አስገንዝባለች።

ሌላው ምሳሌ በፊንላንድ ፓይሚዮ በተባለ ሥፍራ በጥድ ደን መካከል የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1933 የተጠናቀቀው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ ነው። በዚያን ወቅት ለቲቢ ፈዋሽ መድኃኒት አልተገኘም ነበር። የሕሙማኑ ተስፋ ዕረፍት፣ ምግብ፣ ፀሐይና ንጹሕ አየር ብቻ ነበር። ሕንፃውን የነደፈው አርክቴክት አልቫር አልቶ ሥራውን የጀመረው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በጀርባው የተኛ ሰው የሚያየው ምንድን ነው? መልሱ ጣሪያ ሆነ። ስለዚህ የሕሙማኑን ክፍል ጣሪያ ዓይን በሚያሳርፍ አረንጓዴ ቀለም አስቀባው። መብራቱ የተኛውን ሰው ዓይን እንዳይወጋ ቦታውን ቀየረ። ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ስለሚተኙ የአንዱ መታጠብ ሌላውን እንዳይቀሰቅስ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድበት የእጅ መታጠቢያ አዘጋጀ። ከታጠፈ እንጨት የሠራው ወንበር ደግሞ መደገፊያው ጋደል ያለ ሲሆን፣ የተቀመጠው ሕመምተኛ እንደ ልብ እንዲተነፍስ ታስቦ የተሠራ ነው። ያ ወንበር ዛሬም በዓለም ላይ ከታወቁ የቤት ዕቃዎች አንዱ ነው።

ዛሬ ቲቢ የሚድነው በመድኃኒት ነው፤ በፀሐይና በአየር ብቻ አይታከምም። ይሁንና የአልቶ ጥያቄ ጊዜ አላለፈበትም። ቤታችንን ስናዘጋጅ በክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ማን እንደሆነ፣ ከተቀመጠበት ወይም ከተኛበት ሆኖ ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማና ምን እንደሚተነፍስ ብንጠይቅ ብዙ ነገር ይስተካከላል።

ብርሃን፤ ከተፈጥሮ የሚገኝ ነፃ ስጦታ

ወደ ቤት ልናስገባው ከምንችለው ተፈጥሮ ሁሉ ቀዳሚው ብርሃን ነው። ሰውነታችን የቀንና የሌሊት ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዓይን በኩል በሚያገኘው ብርሃን ነው። ጠዋት የሚገኝ ደማቅ ብርሃን አእምሮን ያነቃል፤ የማታው እንቅልፍም በሰዓቱ እንዲመጣ ይረዳል። ማታ ሲጨልም ደግሞ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ሰውነትም ለእንቅልፍ ይዘጋጃል።

ችግሩ የቤት ውስጥ ብርሃን ለዓይናችን በቂ ቢመስልም ከውጭው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ መሆኑ ነው። ደመናማ በሆነ ቀን እንኳ ውጭ ያለው ብርሃን በተለመደ አምፖል ከሚበራ ክፍል ብርሃን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀኑን ሙሉ ወፍራም መጋረጃ በተጋረደበት ሳሎን ውስጥ ውሎ፣ ማታ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክና ቴሌቪዥን ላይ የሚያፈጥ ሰው፣ ሰውነቱ ቀኑን ከሌሊቱ መለየት ቢቸግረው አይገርምም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ የሚሉ አረጋውያን ብዙዎቹ ከጠዋት ብርሃን የራቁ ናቸው።

ለልጆች ዓይንም የውጭ ብርሃን ይጠቅማል። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ከክፍል ውጭ እንዲያሳልፉ የተደረጉ ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ የርቀት ዕይታ ችግር ያጋጠማቸው ቁጥራቸው አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ ችግሩ የታየባቸው ተጨማሪ ጊዜ ከወሰዱት መካከል 30 በመቶ ገደማ፣ ካልወሰዱት መካከል ደግሞ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ።

አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሕፃናትን በመስታወት ውስጥ በሚገባ ፀሐይ ማሞቅ የቫይታሚን ዲ ጥቅም አይሰጥም። ቫይታሚን ዲ በቆዳችን ውስጥ እንዲፈጠር የሚያደርገውን የፀሐይ ጨረር የመስኮት መስታወት ያስቀረዋል። ስለዚህ እናቶች ሕፃናትን ፀሐይ ሲያሞቁ ከተቻለ በረንዳ ወይም ደጅ ላይ፣ ካልሆነም መስኮቱ ተከፍቶ ቢሆን ይመረጣል። ፀሐዩ ሳይከር፣ ዓይናቸውን ከቀጥተኛ ጨረር በመከለልና ለአጭር ጊዜ መሆን ይገባዋል።

መስኮቱን ማን ዘጋው?

በአገራችን መስኮት ለመክፈት ብዙ ሰው ይፈራል። ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው «ኧረ ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል» መባሉ አይቀርም። ቤትም እንደዚያው ነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ በሩም መስኮቱም ይዘጋል፤ ጠያቂው ይሰበሰባል፤ ከሰል ይቀጣጠላል፤ ዕጣን ይጨሳል። ሳንባው ለደከመ ሰው ከዚህ የከፋ ሁኔታ የለም።

ንጹሕ አየር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከሚያሳዩ ጥናቶች አንዱ በፔሩ ዋና ከተማ ሊማ በስምንት ሆስፒታሎች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ በ70 ክፍሎች ውስጥ አየር ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ለኩ። መስኮትና በር በሚገባ ሲከፈት የክፍሉ አየር በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 28 ጊዜ ይለወጣል። ለንጽጽር የተወሰዱት ዘመናዊ የማሽን አየር ማስገቢያ ያላቸው ክፍሎች ግን ይቀየራል ተብሎ የሚታሰበው 12 ጊዜ ነበር። ከሁሉ የተሻሉት ደግሞ ከፍ ያለ ጣሪያና ሰፋፊ መስኮቶች ያሏቸው፣ ከ1950 በፊት የተሠሩ ያረጁ ክፍሎች ሆነው ተገኙ። በተመራማሪዎቹ ስሌት መሠረት ከቲቢ ሕሙማን ጋር ለአንድ ቀን የቆየ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በማሽን አየር በሚያገኙት ክፍሎች 39 በመቶ ሲሆን፣ መስኮታቸው በተከፈተው አሮጌ ክፍሎች 11 በመቶ ነበር።

ቲቢ፣ ጉንፋንና ሌሎች በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች የታፈነ ክፍል ይወዳሉ። የፀሐይ ብርሃንም የቲቢ ባክቴሪያን ይገድላል። በመሆኑም የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው ያለበት ቤት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከመውሰድ ጎን ለጎን መስኮት ከፍቶ መኖር አለበት። ብርድ የሚሰማው ከሆነ ጋቢና ብርድ ልብስ ይጨመርለት እንጂ አየሩ አይዘጋበት።

ከሰልና ማገዶ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያመለክተው በዓለም ላይ 2 ነጥብ 1 ቢሊዮን ገደማ ሰዎች በማገዶ፣ በከሰል፣ በኩበትና በኬሮሲን ያበስላሉ። በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የሳንባ ካንሰር ከጭስ ጋር ይያያዛሉ። ከእናታቸው ጀርባ ታዝለው ማድ ቤት የሚውሉ ሕፃናት የጭሱ ተካፋይ ናቸው።

ከሰል ጭስ ባይኖረውም አደገኛ ነው። በሚነድበት ጊዜ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዘው ተኝተው በዚያው የቀሩ ቤተሰቦች ታሪክ በየክረምቱ ይሰማል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም በአንድ ክፍል ውስጥ ባሉ ሰዎች ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣትና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ቡና ሲፈላም ሆነ ቤት ለማሞቅ ከሰል ሲጠቀሙ መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊትም የከሰል ምድጃው ከቤት ይውጣ።

አበባው ሥራውን ይሠራል፤ የመስኮትን ሥራ ግን አይሠራም

ተፈጥሮን ወደ ቤት ማስገባት ሲባል ለብዙዎች የሚታያቸው የአበባ ማሰሮ ነው። ዕፅዋት አየር ያጸዳሉ የሚለው አባባልም በሰፊው ይነገራል። የአባባሉ መነሻ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጥናት ነው። ጥናቱ የቤት ውስጥ ዕፅዋት ከአየር ውስጥ አንዳንድ ጎጂ ኬሚካሎችን እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ይሁንና ሙከራው የተደረገው አየር በማያስገቡ ትንንሽ ዝግ ሣጥኖች ውስጥ ነበር። የእኛ ቤት እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በተለመደ ቤት ውስጥ የሚዘዋወረው አየር የሚያደርገውን ያህል ለማጽዳት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1 ሺህ ተክሎች እንደሚያስፈልጉ አስልቷል። ያ ደግሞ ቤት መሆኑ ቀርቶ ጫካ ይሆናል።

በተቃራኒው «መኝታ ቤት ያለ ተክል ሌሊት ኦክስጅን ይሻማል» የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም። ተክል ሌሊት ኦክስጅን መጠቀሙ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን እጅግ አነስተኛ ነው። አጠገባችን የተኛ ሰው የሚወስደው ከአንድ ማሰሮ ተክል በብዙ ይበልጣል።

ታዲያ የተክል ጥቅሙ ምንድን ነው? አንደኛው ለዓይንና ለመንፈስ የሚሰጠው ዕረፍት ነው። ሁለተኛው ተንከባካቢ መፈለጉ ነው። ጡረታ ለወጡና ቤት ለሚውሉ ሰዎች ጠዋት ተነሥቶ ውሃ የሚያጠጡት፣ ቅጠሉን የሚጠርጉለት፣ ሲያብብ ለጎረቤት የሚያሳዩት ነገር መኖሩ ቀላል አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ የጓዳ ጥቅም አለው። በረንዳ ላይ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ናና ወይም ኮሰረት በአሮጌ ባልዲና በቆርቆሮ ጣሳ ሳይቀር ይበቅላል። ከነዚህ የተቀነጠበ ቅጠል ወጥንና ሻይን ያጣፍጣል፤ የጨው ፍጆታን ለመቀነስም ይረዳል። ይህም የደም ግፊት ላለበት ሰው ቁም ነገር ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦችም አሉ። ሰፋፊ ዝንጉርጉር ቅጠል ያለውና በየሳሎኑ የሚታየው ዲፈንባኪያ ሲታኘክ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ያሳብጣልም። የጉሎ ፍሬና አስተናግር መርዛማ ናቸው። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ጨቅላ ሕፃናት ባሉበት ቤት እነዚህ ባይገቡ፣ ከገቡም እጅ ከማይደርስበት ቢቀመጡ ይበጃል።

የውሃውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ከአበባ ማሰሮ ሥር ባለ ሳህን፣ በባልዲና በበርሜል ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ የወባ ትንኝ ይራባበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ ብቻ የምትፈልግ አይደለችም፤ በከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ከተቀሰቀሰው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ስሟ ተያይዟል። የዴንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝም ልማዷ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ በተለይ በቆላማ ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች በማሰሮ ሥር ያለውን ውሃ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሊደፉና የውሃ ማጠራቀሚያቸውን ሊከድኑ ይገባል።

ከኩይሳና ከጭጎጎት የተቀዱ ዕቃዎች

ተፈጥሮ የምታስተምረው በጌጥ ብቻ አይደለም፤ በአሠራርም ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ደ ሜስትራል እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር ሲንሸራሸር በልብሱና በውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀ፣ ከእኛው ጭጎጎት ጋር የሚመሳሰል የዱር ተክል ፍሬ አየ። በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው ፍሬው ጫፋቸው የታጠፈ ብዙ ትንንሽ መንጠቆዎች አሉት። ከዚህ ተነሥቶ የሠራውን ማያያዣ ዛሬ «ቬልክሮ» እንለዋለን። ሐኪም ደም ግፊታችንን ሲለካ ክንዳችን ላይ የሚጠመጥመው ጨርቅ የሚያያዘው በዚሁ ነው። ክር ማሰር የሚያስቸግራቸው አረጋውያንና የሪህ ሕሙማን ጫማቸውን የሚያጠብቁትም በእርሱ ነው።

በዚምባብዌ ሐራሬ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት የተባለው ሕንፃ ደግሞ መነሻው የምስጥ ኩይሳ ነው። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሕንፃው ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስቦ እንዲያስገባ፣ ቀን ደግሞ የሞቀው አየር በላይ በኩል እንዲወጣ አድርጎ ነደፈው። በመሆኑም የተለመደው የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ሳያስፈልገው ይሠራል። በሙቀት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ ቁም ነገር አለው። ሌሊትና ማለዳ መስኮት ከፍቶ ቅዝቃዜውን ማስገባት፣ ፀሐይ ሲበረታ ፀሐይ የሚያርፍበትን መስኮት መጋረድ፣ ከላይ በኩል የሞቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መተው በማንኛውም ቤት የሚቻል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ተፈጥሮን ወደ ዕለት ዕቃ መለወጥ አዲስ ነገር አይደለም። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል ይሠራል፤ ሥሩን ምስጥ ሲበላው ዝቅ እያለ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል። ሞሰብና ሰፌድ ከአክርማና ከሰንደዶ ይሰፋሉ። ቅል ከተክሉ ተቆርጦ ውስጡ ሲጸዳ ያለ ፋብሪካ ዕቃ ይሆናል። እንስራና ገንቦ ያለ ማቀዝቀዣ ውሃ ያቀዘቅዛሉ፤ ምክንያቱም በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል።

እነዚህ ዕቃዎች ከጤና አንጻር ጥሩ ጎናቸው ብዙ ነው። ትኩስ እንጀራ በላስቲክ ከረጢት ከሚታሽግ ይልቅ በሰፌድ ላይ ተናፍሶ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ስለሚወጣለት ቶሎ አይሻግትም። አፈ ጠባብ እንስራ ክዳን ካለው እጅና ጣሳ እንደ ልብ ስለማይገቡበት ውሃውን ከብክለት ይጠብቃል። ይሁንና አያያዝ ይፈልጋሉ። ሞሰብ በእርጥበት ከቆየ ሻጋታ ይይዛል፤ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያሻል። እንስራ ውስጡ በየጊዜው ካልታጠበ አተላ ያበጃል። የሸክላ ዕቃ ሲገዛም የሚያብለጨልጭ ቅብ ያለው ከሆነ ጥንቃቄ ይደረግ። አንዳንድ ቅቦች እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ይይዛሉ፤ በተለይ ጎምዛዛ ምግብ ሲቀመጥበት ወደ ምግቡ ይገባል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ሲሆን፣ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም።

ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ደኅና አይደለም

ስለ ተፈጥሮ ሲወራ የሚረሳ አንድ እውነት አለ። ጭስም፣ አቧራም፣ ሻጋታም፣ መርዝም ከተፈጥሮ ናቸው። ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ የሚሆነን በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች በብዛት የሚታየው የእግር ዝሆኔ በሽታ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት የተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈርን ለዓመታት በባዶ እግር በመርገጥ ይመጣል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። መከላከያው ጫማ ማድረግ፣ እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብና የቤቱን ወለል መሸፈን ነው። የአፈር ወለል ላለው ቤት ሰሌን ማንጠፍ፣ ቢቻል ደግሞ ሲሚንቶ ማስለበጥ ከማንኛውም የግድግዳ ጌጥ ይቀድማል።

አስም ያለበት ሰው ባለበት ቤትም ማስተዋል ያስፈልጋል። የበዓል ቄጤማ ለምለም ሳለ ደስ ያሰኛል፤ ደርቆ ሲሰነብት ግን አቧራ ይሆናል። ስለዚህ በማግሥቱ ቢጠረግ ይመረጣል። የዕጣን ጭስ፣ አቧራ የጠጣ ምንጣፍና የላስቲክ አበባ፣ በዝናብ የረጠበ ግድግዳ ላይ የበቀለ ሻጋታ ሁሉም አስም ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ሻጋታን በቀለም መሸፈን መፍትሔ አይሆንም፤ ውሃው የሚገባበት ቦታ መደፈን፣ ግድግዳውም መድረቅ አለበት። የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅም የነፍሳት መደበቂያ ስለሚሆን በየጊዜው ቢመረግ መልካም ነው።

በአቅም የሚሠራ

ይህ ሁሉ ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ብቻ የሚቻል አይደለም። ኮንዶሚኒየም ላይ ወይም በአንዲት የኪራይ ክፍል የሚኖር ቤተሰብም የሚከተሉትን ማድረግ ይችላል።

ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ መጋረጃውን ይግለጡ፤ መስኮቱንና በሩን ወይም ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ለ15 ደቂቃ ያህል ይክፈቱ። ምግብ ሲያበስሉና ብዙ ሰው ሲሰበሰብም እንዲሁ ያድርጉ።

መስኮቱን የጋረደ ቁም ሣጥን ወይም የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ካለ ቦታውን ይቀይሩ። የልጆች የጥናት ቦታ ከመስኮት አጠገብ ይሁን።

አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ካለ አልጋው ወይም ወንበሩ ውጭ ወደሚታይበት ይዙር። በቀን አንድ ጊዜ ወደ በረንዳ ወይም ደጅ እንዲወጡ ይደገፉ። መውጣት ካልቻሉ እርሳቸው ራሳቸው የሚንከባከቡት አንድ ተክል በአጠገባቸው ይኑር።

ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ይሰጡ። ፀሐዩ እርጥበቱን ያደርቃል፤ አለርጂ የሚቀሰቅሱ ጥቃቅን ነፍሳትንም ይቀንሳል።

ማታ ከመኝታ ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ደማቅ መብራት ይቀንሱ፤ ስልክዎንም ያርቁ።

ግድግዳ ሲቀቡ ሻጩን እርሳስ የሌለበት ቀለም እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። አሮጌ ቀለም ሲፋቅ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴቶች በቤቱ ውስጥ አይሁኑ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ገንዘብ ቢኖር እንኳ ከአዲስ ሶፋ በፊት ጭስ የሚቀንስ ምድጃ፣ ከጂፕሰም በፊትም የሚከፈት መስኮት ቢቀድም የቤተሰቡ ጤና ያተርፋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ሌሊት የሚያልብ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ለረጅም ጊዜ የዘለቀ እንቅልፍ ማጣትና ድብርት በአበባና በመስኮት የሚፈቱ አይደሉም። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቤታችን ብርሃንና ንጹሕ አየር ሲኖረው ግን ከሐኪም ቤት ስንመለስ ማገገሚያችን፣ ጤነኛ ስንሆንም ጤናችን የሚጠበቅበት ቦታ ይሆናል። መልካም ጤንነት!